ስልሳ አራት ከነጥጃቸው

ረቡዕ፣ ግንቦት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.። የጥበቃ ሠራተኛ የሥራ ውል ማራዘሚያ ቅጽ፣ ተራ ቁጥር 7፣ «መመሪያ የመረዳት ችሎታ»። በመልሱ ቦታ «በተያያዘው ገጽ ይታይ» ተብሎ ተጽፏል። ገጹ ግን አልተያያዘም፤ ሳይጻፍ ቀርቷል።

ተናጋሪዎች

ሰይፈሥላሴ፦ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ የአንድ የጥጥ አምራቾች ማኅበር የዘር መጋዘን ኃላፊ። መዝገቡም ቁልፉም በእሱ እጅ ነው።

ሙሀመድአወል፦ የመጋዘኑ የቀን ዘበኛ። ከወሎ መጥተው አቃቂ ሠላሳ ዓመት የኖሩ። ዕድሜያቸው ስልሳን ስላለፈ ውላቸው በየዓመቱ ይታደሳል።

[ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ከመጋዘኑ ደጃፍ ያለች አንድ ክፍል ቢሮ። ጠረጴዛው ላይ የመውጫ ወረቀት ጥራዝ፣ የውል ማራዘሚያው ቅጽ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይና አንድ ቦንቦሊኖ አለ። በመስኮቱ በኩል በረንዳው ላይ ሸራ የለበሰ የጭነት ክምር ይታያል። ስምንት ሰዓት ላይ የሾፌሩ የቡልቻ አይሱዙ የጥጥ ዘሩን ጭኖ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጭነቱን የምታረጋግጠው የዘር ባለሙያዋ ሶሊያና ናት፤ ስትመለስ ቅጹንም ወደ ዋናው ቢሮ ይዛ ትሄዳለች። ቅጹ ያልተሞላለት ወይም ክፉ የተሞላበት ዘበኛ ከሰኔ ሠላሳ በኋላ በሩ ላይ አይቆምም። ሁለቱ ክርክር ከጀመሩ ቆይተዋል።]

ሙሀመድአወል፦ መቶ ሃያ ስምንት ብለህ ጻፍ።

ሰይፈሥላሴ፦ ስልሳ አራት ነው ጋሽ ሙሀመድአወል።

ሙሀመድአወል፦ እንግዲያው ስልሳ አራት ከነጥጃቸው በል።

ሰይፈሥላሴ፦ የመውጫ ወረቀት ላይ ጥጃ የሚባል ነገር አይጻፍም። ትልቁ ከረጢት ዘር ነው፤ ይቆጠራል። ከጎኑ ታስራ የመጣችው ትንሿ ከረጢት ምርቃት ናት፤ አትቆጠርም።

ሙሀመድአወል፦ ምርቃት?

ሰይፈሥላሴ፦ ምርቃት። ሽንኩርት ሲገዙ ሴትዮዋ ከሚዛኑ በኋላ ሁለት ራስ ጣል ታደርግልዎት የለ? እሱ ነው።

ሙሀመድአወል፦ እሷማ እጇ እያመነታ ነው። ትልቁን ታነሳና ትመልሰዋለች፣ ከዚያ ትንሹን ትሰጠኛለች። ይኼ ግን ስልሳ አራቱም ላይ እኩል ነው። ቁጥርም አለው፤ እናቲቱ ላይ አሥራ ሁለት ካለ ልጅቱም ላይ አሥራ ሁለት ይላል። ለምርቃት ቁጥር የሚለጥፍ ነጋዴ አይተህ ታውቃለህ?

ሰይፈሥላሴ፦ ከውጭ አገር ሲመጣ ይለጠፍበታል። ደግሞ በማያከራክር ነገር ለምን እንከራከራለን? ትንንሾቹ ሰኞ ሄደዋል እኮ። ለጀቤሳ በሬዎች መኖ ይሁን ብዬ ሰጥቻለሁ።

ሙሀመድአወል፦ መስጠትህን ሰምቻለሁ። መሄዳቸውን ግን አላየሁም።

ሰይፈሥላሴ፦ ሰኞ በሩ ላይ የነበረው ማነው?

ሙሀመድአወል፦ እኔ ነኛ።

ሰይፈሥላሴ፦ ታዲያ እርስዎ ካላዩ ማን ሊያይ ነው?

ሙሀመድአወል፦ እኔም እሱን ነው የምልህ።

[ሰይፈሥላሴ ብዕሩን አስቀምጦ ሻዩን ያነሳል። የዘበኛውን እግር ያያል።]

ሰይፈሥላሴ፦ ጾሙ ነው። ገና በአሥራ ሰባተኛው ቀን እንዲህ ከሆኑ መጨረሻው ምን ሊሆን ነው? የጫማዎን ክር እንኳ ማሰር ረስተው መጥተዋል።

ሙሀመድአወል፦ አልረሳሁትም። ክሩ ሥራ ላይ ነው።

ሰይፈሥላሴ፦ ይኸው። ክሩ ሥራ ላይ ነው ይሉኛል።

ሙሀመድአወል፦ ረቡዕ በጠዋቱ ቦንቦሊኖ የሚበላ ክርስቲያን ስለ ጾም አይነግረኝም።

ሰይፈሥላሴ፦ በዓለ ሃምሳ ነው። ረቡዕም ዓርብም የለብንም።

ሙሀመድአወል፦ ለሁለታችንም እኔ እየጾምኩ ነው በለኛ። ብላ፣ አብሽር።

[ሰይፈሥላሴ ባለፈው ወር አዳማ ላይ ስለዚህ ዘር የአንድ ቀን ሥልጠና ተጠርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለቡልቻም፣ በሠፈሩ በሬ ለሚያደልበው ለጀቤሳም፣ ሻይ ለምታፈላው ለዳሲቱም ሳይቀር አስረድቷል። ዳሲቱ ሁለት ጊዜ ሰምታለች። የቀሩት ዘበኛው ብቻ ናቸው። ነገሩን ካወቁ ምርቃቱን ይተዉታል ብሎ አሰበና ወንበር ሳበላቸው።]

ሰይፈሥላሴ፦ ይኸውልዎ። እዚህ ዘር ውስጥ ሁለት ዘረመል ገብቶበታል።

ሙሀመድአወል፦ በምን በኩል? ፍሬው ቀዳዳ የለውም፤ አገላብጬ አይቼዋለሁ።

ሰይፈሥላሴ፦ በቀዳዳ አይደለም። አፈር ውስጥ በዓይን የማትታይ ተህዋስ አለች። ጓይ ትልን ያውቁታል፣ የጥጡን ፍሬ ቦርቡሮ ገብቶ የሚጨርሰውን። ተህዋሷ ያንን ትል የሚገድል ነገር ትሠራለች። ይህን የመሥራት ችሎታዋን ወሰዱና ለጥጡ ሰጡት። አሁን ትሉ ጥጡን ሲቀምስ አንጀቱ ይበሳል፤ ይሞታል።

ሙሀመድአወል፦ ከዚህ ጥጥ የተሠራ ጋቢ የለበሰ ሰውስ?

ሰይፈሥላሴ፦ ጋቢ ይበላሉ?

ሙሀመድአወል፦ እኔ አልበላም። ብል ግን ይበላል። ብሉን የሚገድል ከሆነ ለባለቤቴ አንድ አሠራላት ነበር፤ የሠርጓን ኩታ በልቶባታል።

ሰይፈሥላሴ፦ ብልን አይገድልም። ሰውንም አይነካም። የምናወራው ስለ ጓይ ትል ነው።

ሙሀመድአወል፦ እሺ፣ ስለ ጓይ ትል። አንዱ ዘረመል ከገደለው ሁለተኛው ምን ይሠራል? የሞተ ሊገድል?

[ሰይፈሥላሴ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ቆይቷል። ቦንቦሊኖውን ወደ ጎን ገፋ ያደርጋል።]

ሰይፈሥላሴ፦ ጥሩ ጠየቁ። ሁሉም አይሞትም። ከስንት ሺህ አንዱ ይተርፋል። የተረፈው ይራባል፤ ልጆቹም እንደሱ ናቸው። ጥቂት ዓመት ሲያልፍ ማሳው በማይሞት ትል ይሞላና ገበሬው ወደ መርጨቱ ይመለሳል፤ በአንድ ክረምት ስምንት ጊዜ። ስለዚህ ሁለቱን ዘረመል አጣመሩ። በር ላይ ሁለት ዘበኛ እንደማቆም ይቁጠሩት። አንዱ ቢያንቀላፋ ሌላው ይይዘዋል።

ሙሀመድአወል፦ ይቺ ወደ እኔ ናት?

ሰይፈሥላሴ፦ ምሳሌ ነው።

ሙሀመድአወል፦ ባለፈው ሐሙስ ዓይኔን ብቻ ነው የጨፈንኩት።

ሰይፈሥላሴ፦ ምሳሌ ነው አልኩዎት እኮ።

ሙሀመድአወል፦ እሺ። ዘበኞቹ ወንድማማች ናቸው?

ሰይፈሥላሴ፦ ለምን ወንድማማች ይሆናሉ?

ሙሀመድአወል፦ ወንድማማች ከሆኑ አንድ ሠርግ ሁለቱንም ይጠራቸዋል፤ በሩ ባዶ ይቀራል።

ሰይፈሥላሴ፦ በቃ ዘበኛውን ይተዉት። አንድ በር ላይ ሁለት ቁልፍ ነው ይበሉ።

ሙሀመድአወል፦ እንዳንተ ቤት?

ሰይፈሥላሴ፦ እንደኔ ቤት።

ሙሀመድአወል፦ ሳሪስ ሚኒባስ ውስጥ ሁለቱንም በአንድ ማንጠልጠያ የጣልከው?

[ሰይፈሥላሴ ሻዩን ይጠጣል። ሥልጠናው ላይ ይህንኑ ሰምቷል፤ ሁለቱ ዘረመሎች የሚመሳሰሉ ከሆነ አንዱን የለመደ ትል ሁለተኛውንም ይለምዳል ተብሏል። ከዘበኛው አፍ ይሰማዋል ብሎ ግን አልጠበቀም።]

ሰይፈሥላሴ፦ እነዚህ ወንድማማች አይደሉም። ጭራሽ አይተዋወቁም። አንዱ የትሉን አንጀት በአንድ በኩል ይይዘዋል፣ ሌላው በሌላ በኩል።

ሙሀመድአወል፦ እንዲያ ከሆነ ጥሩ ቅጥር ነው።

ሰይፈሥላሴ፦ ሁለቱንም የሚያመልጥ ትል ከሚሊዮን አንድ ቢገኝ ነው።

ሙሀመድአወል፦ አንድ ግን ይገኛል።

ሰይፈሥላሴ፦ ይገኝ ይሆናል።

ሙሀመድአወል፦ ማንን ያገባል?

ሰይፈሥላሴ፦ ማን?

ሙሀመድአወል፦ ያመለጠው።

ሰይፈሥላሴ፦ ትል አያገባም ጋሽ ሙሀመድአወል።

ሙሀመድአወል፦ በትልነቱማ አያገባም። ክንፍ አውጥቶ የእሳት እራት ሲሆን ነው የሚያገባው። አባቴ ቆላው ላይ ጥጥ ነበረው፤ ሲበሩ እያየሁ ነው ያደግሁት። እና ያ ያመለጠው ሚስት ሲፈልግ ማን ይሰጠዋል?

ሰይፈሥላሴ፦ [እየሳቀ] ሽማግሌ ይልካላ። እርስዎ ይሂዱለት።

ሙሀመድአወል፦ እሄዳለሁ። የስንቱን ቤት ደጅ ጠንቼ የለም እንዴ? ግን የት ልሂድ? ማሳው በሙሉ ያንተ ሁለት ዘበኛ ያለበት ጥጥ ነው። እዚያ በሕይወት የተገኘች ሴት እንደሱው ያመለጠች ናት። ያመለጠ ያመለጠችን አገባ። ልጆቻቸውስ?

ሰይፈሥላሴ፦ ልጆቻቸው ያው...

ሙሀመድአወል፦ ሁሉም አምላጭ። በሁለት በሦስት ክረምት ዘበኞቹን ሰላም እያሉ ይገባሉ። እኔ ብሆን ዘበኛ የሚባል አይታ የማታውቅ የሠፈር ልጅ ነው የማመጣለት። ከእሷ የሚወለደው ዘበኛ ሲያይ ይወድቃል።

ሰይፈሥላሴ፦ የሠፈር ልጅ ከየት ያመጡለታል?

ሙሀመድአወል፦ እሱን አንተ ንገረኝ እንጂ። አዳማ የሄድከው አንተ ነህ። ሥልጠናው ላይ አልተነሣም?

ሰይፈሥላሴ፦ ስለ ትል ጋብቻ አልተነሣም።

ሙሀመድአወል፦ ከሰዓት በኋላም?

ሰይፈሥላሴ፦ ከሰዓት በኋላ ጥያቄና መልስ ነበር። ጥያቄ ስላልነበረኝ በሰባት ሰዓቱ አውቶቡስ ተመለስኩ።

ሙሀመድአወል፦ ምሳውንስ በላህ?

ሰይፈሥላሴ፦ ምሳውን በልቻለሁ።

ሙሀመድአወል፦ ደግ አደረግህ።

[ሰይፈሥላሴ ቅጹን ወደ ራሱ ይስባል። ተራ ቁጥር 7 ላይ ሦስት ሣጥን አለ፤ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ። ከሥሩ አንድ ባዶ መስመር። ሙሀመድአወል ፊደል አይለዩም፤ ቁጥር ግን ያነባሉ፣ የሣጥኖቹንም ተራ ያውቃሉ። አራት ጊዜ ሲሞላላቸው አይተዋል።]

ሙሀመድአወል፦ እጅህ ሦስተኛው ላይ ነው።

ሰይፈሥላሴ፦ ገና አልጻፍኩም።

ሙሀመድአወል፦ አምና ሁለተኛው ላይ ነበር።

ሰይፈሥላሴ፦ አምና ትል ልዳር ብለው አልተነሡም። ጋሽ ሙሀመድአወል፣ እኔ መዝገብ ላይ መዋሸት አልችልም፣ ያውቁኛል። ሰኞ የሄደ ዕቃ ዛሬ ቁጠር ይሉኛል። ነገ መኪና ወጣ አልወጣ ብንባባልስ? ዋናው ቢሮ ቢጠይቀኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ?

ሙሀመድአወል፦ ልጄ ኡምሰልማ ኮሌጁን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። እሱን ታውቃለህ። ቢሆንም እውነቱን ጻፍ። ለኔ ብለህ አታጣምመው።

ሰይፈሥላሴ፦ ይኼን ሲሉኝ ደግሞ እጄ አይጽፍም።

ሙሀመድአወል፦ እንግዲያው የመውጫ ወረቀቱን አስቀድም። መቶ ሃያ ስምንት።

[ስልክ ይጮኻል። ሶሊያና ናት፤ ቱሉ ዲምቱ ክፍያ ጣቢያ ደርሳለች። ሰይፈሥላሴ ስለ መንገዱ ጠየቃት። ከዚያ ሊያስቃት ብሎ ዘበኛው ያነሡትን የጋብቻ ጉዳይ፣ ከሽማግሌው መላክ ጀምሮ እስከ ሠፈር ልጅቱ ድረስ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት። እየሳቀ ነበር። ከወዲያ በኩል ሳቅ አልመጣም። ሶሊያና ዘበኛው ሥልጠናው ላይ ነበሩ ወይ ብላ ጠየቀችው። አልነበሩም አላት። የከሰዓት በኋላው ሥልጠና በሙሉ ስለዚሁ እንደነበር ነገረችው። ትንሿ ከረጢት ውስጥ ያለው ዘረመል ያልገባበት ተራ ጥጥ ነው፤ ገበሬው በማሳው ዳር ይዘራዋል፤ እዚያ ላይ ትሉ እንደ ልቡ ይበላል፣ ያድጋል። ሁለቱን ዘረመል ያመለጠው የሚያገባው ከዚያ ነው፤ ልጆቻቸውም መልሰው ይሞታሉ። ትንሿ ከረጢት ከሌለች ትልቁን ለአንድም ገበሬ ማደል አይፈቀድም። በመጨረሻ ስልሳ አራቱም ትንንሽ ከረጢቶች ከየቁጥራቸው ጋር ለጭነት ወጥተው እንደሆነ ጠየቀችው። ሰይፈሥላሴ ኔትወርክ ጠፋ ብሎ ዘጋው። ኔትወርክ አልጠፋም።]

ሰይፈሥላሴ፦ ጋሽ ሙሀመድአወል።

ሙሀመድአወል፦ አቤት።

ሰይፈሥላሴ፦ ጀቤሳ ሰኞ መጥቶ ነበር?

ሙሀመድአወል፦ መጥቷል።

ሰይፈሥላሴ፦ ጋሪ ይዞ?

ሙሀመድአወል፦ ጋሪ ይዞ። አህያዋ በኋላ እግሯ ታነክሳለች፤ ነግሬዋለሁ።

ሰይፈሥላሴ፦ ጭኖ ሄደ?

ሙሀመድአወል፦ ሞልቶ ነው የሄደ።

ሰይፈሥላሴ፦ በሬዎቹ በልተውታል ማለት ነው።

ሙሀመድአወል፦ አህያዋ እዚሁ በር ላይ ነው የጀመረችው።

[ሰይፈሥላሴ ይቀመጣል። ቀድሞም ተቀምጦ ነበር፤ አሁን ግን ይበልጥ ይቀመጣል።]

ሰይፈሥላሴ፦ አሥራ ሁለት ዓመት። በአሥራ ሁለት ዓመት ከዚህ መጋዘን አንድ ኪሎ ጎድሎብኝ አያውቅም። ስልሳ አራት ገበሬ አርሶ እየጠበቀ ነው። መኪናው ባዶውን ሊወርድ ነው። ለሶሊያና ምን እላታለሁ? ምርቃት መሰለኝ ልበላት?

ሙሀመድአወል፦ እንዲያ አትበላት። ልጅት ትስቅብሃለች።

ሰይፈሥላሴ፦ ትሳቅብኝ፤ መሳቋስ ባልከፋ። የተረፈ ካለ ለጀቤሳ ልደውል።

ሙሀመድአወል፦ ሣሩን ምን ሊያደርግልህ?

ሰይፈሥላሴ፦ የምን ሣር?

ሙሀመድአወል፦ ጀቤሳ የጫነውን። ሰውየው ባዶ ጋሪ እየነዳ እንዳይመለስ ብዬ ከአጥሩ ሥር ያጨድኩትን ሣር ጫንኩለት። መርቆኝ ነው የሄደ።

[ከውጭ የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማል፤ የቡልቻ አይደለም፣ አልፎ ይሄዳል።]

ሰይፈሥላሴ፦ ከረጢቶቹስ?

ሙሀመድአወል፦ የመውጫ ወረቀት አልነበራቸውም።

ሰይፈሥላሴ፦ ይሂዱ ያልኩት እኔ እኮ ነኝ።

ሙሀመድአወል፦ በአፍህ። «ሥራ አስኪያጁም ቢመጣ፣ እኔም ራሴ ብመጣ፣ ወረቀት ካልያዝኩ አንዲት ፍሬ እንዳያስወጡ» ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሰኞ ወረቀት ስጠኝ አልኩህ። ምርቃት መዝገብ ላይ ስለማይገባ ወረቀት አይቆረጥለትም አልከኝ። ወረቀት ካልተቆረጠለት በዚህ በር አይወጣም ብዬ ጥበቃ ቤቷ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሰይፈሥላሴ፦ አሁንም እዚያው ናቸው?

ሙሀመድአወል፦ እዚያ ምን ያደርጋሉ? ትናንት ትልልቆቹን ለጭነት በረንዳው ላይ አውጥተህ ሸራ አላለበስካቸውም? አንተ ስብሰባ ስትሄድ ከየእናቶቻቸው ጋር አሰርኳቸው። ቁጥር እያየሁ። መጨረሻ ላይ ሲባጎው አለቀብኝ፤ አራቱን በጫማዬ ክር ነው ያሰርኩ።

[ሰይፈሥላሴ ይወጣል። ሙሀመድአወል ባሉበት ሆነው በመስኮቱ ያዩታል። ሸራውን ይገልጣል፤ ይቆጥራል፤ እንደገና ከሌላው ጫፍ ጀምሮ ይቆጥራል። አንዷን ክር ነካ ያደርጋታል። ተመልሶ ይገባል።]

ሰይፈሥላሴ፦ ይኼን ሁሉ አውቀው ከጠዋት ጀምሮ ለምን አልነገሩኝም?

ሙሀመድአወል፦ ከጠዋት ጀምሮ መቶ ሃያ ስምንት በል ነው የምልህ።

[ሰይፈሥላሴ የመውጫውን ወረቀት ይጽፋል፤ ትልቅ ስልሳ አራት፣ ትንሽ ስልሳ አራት፣ ድምር መቶ ሃያ ስምንት። ሙሀመድአወል ቁጥሩን በጣታቸው ተከትለው አንብበው ይቀበሉታል። ከዚያ ቅጹ ብቻ ይቀራል።]

ሰይፈሥላሴ፦ ሶሊያና ልትደርስ ነው። ከፍተኛ ብል ያንሳል። ምን ብዬ ልጻፍ?

ሙሀመድአወል፦ ጥያቄው ምንድን ነው የሚለው?

ሰይፈሥላሴ፦ መመሪያ የመረዳት ችሎታ።

ሙሀመድአወል፦ የማን?

ሰይፈሥላሴ፦ የእርስዎ ነዋ።

ሙሀመድአወል፦ እኔማ ይኸው ምርቃት አትቆጠርም ያልከኝ እስካሁን አልገባኝም። መጻፍህ ካልቀረ እውነቱን ጻፍ። ምሳ ከተበላም በኋላ ጥሎ አይሄድም በለኝ።

[ሰይፈሥላሴ ሦስቱንም ሣጥን ትቶ ባዶው መስመር ላይ «በተያያዘው ገጽ ይታይ» ብሎ ጻፈ። ገጹን ነገ እጽፈዋለሁ አለ። ሶሊያና ደርሳ ጭነቱን አረጋገጠች፤ በጫማ ክር የታሰሩት አራቱ ላይ ስትደርስ ጠየቀች፣ ተነገራት፣ ቅጹ ላይ የራሷን ፊርማ ጨመረችበት። ገጹ ሳይያያዝ ውሉ ለአንድ ዓመት ተራዘመ።

ሙሀመድአወል ሐሙስ ሰኔ 13 ቀን ጠዋት፣ ወደ ሥራ ሊወጡ ጫማቸውን እያሰሩ ሳለ አረፉ።

ረቡዕ ሰኔ 12 ቀን ሰይፈሥላሴ ሲባጎ እንዲገዙ ሳሪስ ልኳቸው ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ተመለሱ። ባለሱቁ በላዩ አንዲት ትንሽ ጥቅል ጨምሮላቸዋል። እሷም ካልተመዘገበች አላስረክብም ብለው ጠረጴዛው ፊት ቆሙ፤ እስኪጻፍም ቆመው ጠበቁ። በዕለቱ ገቢ መዝገብ ላይ እንዲህ ይነበባል፦ ሲባጎ፣ ትልቅ ጥቅል፣ አንድ። ሲባጎ፣ ትንሽ ጥቅል፣ ምርቃት፣ አንድ። አስረካቢ፣ ሙሀመድአወል።]